ሳያርሱ የሰፈሩ ሰዎች፦ ስለ ጥንታውያን የጃፓን ነዋሪዎች የተደረገ ዲስኩር



በአገራችን የጃፓን ስም በተነሣ ቍጥር ወደ ልቡናችን ፈጥኖ የሚመጣው ከ1868 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥት ሜጂ ዘመን የታየው ሥልጣኔ ነው፤ በተለይም ክቡር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ለአንባቢ ካበረከቱ ወዲህ፣ ያ የደሴቶች መንግሥት በተማረው ኢትዮጵያዊ ዘንድ የትጋትና የትምህርት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። እኔ ግን በዛሬው ምሽት ከዚያ ዘመን እጅግ ወደ ኋላ ርቄ፣ ንጉሥ ሳይነግሥ፣ ሩዝ ሳይዘራ፣ ፊደል ሳይታወቅና ብረት ሳይቀልጥ በእነዚያ ደሴቶች ላይ ከዐሥራ ሦስት ሺህ ዓመት በላይ ስለ ኖረ፣ አውሬ እያደነ፣ ዓሣ እያጠመደና የዛፍ ፍሬ እየለቀመ መንደር ስለ መሠረተ፣ ሸክላ ስለ ሠራ፣ ሙታኑንም በክብር ስለ ቀበረ ሕዝብ እናገር ዘንድ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በትምህርት ቤት የተሰጠን የሰው ልጅ የኑሮ ታሪክ በደረጃ የተከፋፈለ ነበር፤ ሰው በመጀመሪያ አዳኝና ለቃሚ ሆኖ ከጫካ ወደ ጫካ ሲንከራተት ኖረ፤ ኋላ እንስሳትን አለመደ፤ ከዚያም ማረስና መዝራት ዐወቀ፤ ካረሰ በኋላ ቤት ሠራ፣ ሸክላ ተኰሰ፣ መንደር መሠረተ፣ ጥበብና አምልኮም ተከተሉት የሚል ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ አሳብ ከመምህራን ሳንሰማው በፊት በጆሯችን የነበረ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ቃየል አራሽ፣ አቤል በግ ጠባቂ ሆነው ሲነሡ፣ አዳኙ ዔሳው ከዱር ደክሞና ተርቦ መጥቶ ብኵርናውን በምስር ወጥ ሲለውጥ እናያለንና፤ አዳኝ ማለት በብዙዎቻችን ግምት ነገን የማያስብ ሰው ማለት ነው። የጃፓን ምድር ያወጣው ማስረጃ ይህን ግምት እንደ ገና እንድንመረምረው ግድ ይለናል፤ በዚያ አገር ሰዎች ሳያርሱ ሰፍረዋልና፤ ሳይዘሩም ለክረምት የሚሆን ስንቅ በጉድጓድ አከማችተዋልና፤ ሸክላንም ከእርሻ ብዙ ሺህ ዓመታት አስቀድመው ሠርተዋልና።

የነገሩ አገላለጥ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በ1877 ኤድዋርድ ሲልቬስተር ሞርስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ እንስሳት ሊቅ፣ በጃፓን ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ቅርፊታም ፍጥረቶችን ለመመርመር ዮኮሐማ ወደብ ደረሰ። ከዮኮሐማ ወደ ቶኪዮ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ከተመረቀ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ሞርስ በባቡሩ መስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት፣ ኦሞሪ ከሚባለው ጣቢያ አጠገብ፣ ሐዲዱን ለመዘርጋት የተቈረጠው የመሬት ግድግዳ በነጭ ዛጎል ተሞልቶ አየ፤ በትውልድ አገሩ በሜይን ጠረፍ እንዲህ ያለ ክምር ያውቅ ስለ ነበር፣ ይህ ማዕበል የጣለው ሳይሆን የጥንት ሰዎች በልተው የጣሉት ቅርፊት መሆኑን ወዲያው ተረዳ። በዚያው ዓመት በተመሠረተው በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ስለ ተሾመ ተማሪዎቹን ይዞ ቦታውን ቈፈረ፤ ከዛጎሉ መካከልም የአጋዘንና የከርከሮ አጥንት፣ ከአጥንት የተበጀ መሣሪያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ላዩ የገመድ ምልክት የታተመበት ብዙ ገል አወጣ። በ1879 ባሳተመው መጽሐፍ ሸክላውን በዚሁ በገመድ ምልክቱ ጠራው፤ ጃፓኖችም ስሙን ወደ ቋንቋቸው መልሰው ጆሞን አሉት፤ የሸክላውም ስም የሕዝቡና የዘመኑ ስም ሆኖ ጸና።

በዚህ በገመድ ምልክት ላይ ጥቂት እንድቈይ ፍቀዱልኝ። ከሞርስ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ሊቃውንቱ ምልክቱ እንዴት እንደ ታተመ በርግጥ አያውቁም ነበር፤ አንዳንዱ ጨርቅ ተጭኖበት ነው ሲል ሌላው ምንጣፍ ተጠቅልሎበት ነው ይል ነበር። ያማኖኡቺ ሱጋኦ የተባለ ታላቅ ሊቅ በ1930ዎቹ መጀመሪያ አጭር ገመድ ገምዶ በእርጥብ ጭቃ ላይ ቢያንከባልለው፣ በጥንቶቹ ገሎች ላይ የሚታየው ረድፍ እንዳለ ወጣለት። ከዚያ ወዲያ ምስጢሩ ሁሉ ተፈታ። ክሩ ወደ ቀኝ የተገመደ እንደ ሆነ ምልክቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ወደ ግራ የተገመደ እንደ ሆነ ወደ ሌላው ወገን፤ ሁለቱ ዓይነት ገመዶች በአንድ ዕቃ ላይ እየተፈራረቁ ሲንከባለሉ የላባ መልክ ያለው ጌጥ ይሠራሉ፤ በገመዱ ላይ ቋጠሮ ቢኖር ቋጠሮው ይታተማል። ገመዱ የተሠራበት ልጥ ከበሰበሰ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ግን አንድ ተማሪ ትንሽ ገል በእጁ ይዞ፣ ገማዩ ክሩን በየትኛው አቅጣጫ እንደ ገመደውና ስንት ክር እንደ ደረበበት ሊናገር ይችላል። ሸክላው በአገራችን ሸክላ ሠሪ ሴቶች ዘንድ እንደሚደረገው ሁሉ ያለ መንኰራኵር፣ በእጅ ብቻ የሚበጅ ነበር፤ ጭቃው እየተድቦለቦለ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል፤ ከተለሰነና ከደረቀ በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨት እሳት ይተኰሳል።

የሸክላውን ዕድሜ ለማመን ግን ሊቃውንቱ ዘግይተዋል። በዮኮሱካ አጠገብ ከናትሱሺማ የዛጎል ክምር የተወሰደው ናሙና በሬዲዮካርቦን ተለክቶ ከ9,000 ዓመት በላይ መሆኑ በ1959 ሲነገር ታላቅ ክርክር ተነሣ፤ ሥልጣኔ ሁሉ ከመካከለኛው ምሥራቅ ወጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ዓለም ዳርቻ ተዳረሰ ተብሎ ይታመን በነበረበት ጊዜ፣ በምሥራቅ ጫፍ ያሉ ደሴቶች በሸክላ ሥራ ቀደሙ ማለት ለጆሮ የሚከብድ ነበርና። የሚያሳዝነው ያማኖኡቺ ራሱ፣ ያ የገመዱን ምስጢር የፈታው ሰው፣ ቍጥሩን አልቀበልም ብሎ እጅግ አጭር በሆነው በራሱ አቈጣጠር ጸንቶ መኖሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ከናትሱሺማም ይልቃል። በሆንሹ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአኦሞሪ ግዛት፣ ኦዳይ ያማሞቶ በተባለ ስፍራ ጌጥ የሌላቸው ጥቂት ገሎች ወጡ፤ በላያቸው ተጣብቆ የቀረው ጥቀርሻ ሲለካ ዕድሜው ከ16,000 ዓመት ያለፈ ሆኖ ተገኘ፤ ምድር ገና ከበረዶው ዘመን ሳትወጣ ማለት ነው። በቻይና ዋሻዎች ከዚህ የሚቀድሙ ገሎች ስላሉ ጃፓን የዓለም ሁሉ መጀመሪያ ናት ማለት አይገባም። ይልቅስ የሚደንቀው ማሰሮው የተሠራበት ምክንያት ነው፤ ከጥንታውያኑ የጃፓን ማሰሮዎች ጥቀርሻ ውስጥ የተገኘውን ስብ በ2013 የመረመሩ ሊቃውንት በአብዛኛው የዓሣ ስብ መሆኑን ገልጠዋል። ድስት የእህል ልጅ ነው ብለን ስናምን ኖረን የዓሣ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ከሸክላውም በፊት ሰው ነበረ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የጃፓን ሊቃውንት፣ እሳተ ገሞራ በተፋው ቀይ ዐፈር ውስጥ የሰው ሥራ አይገኝም ብለው፣ ቍፋሯቸው እዚያ ሲደርስ አካፋቸውን ያስቀምጡ ነበር። ይህን ልማድ የሰበረው የዩኒቨርሲቲ ሰው አልነበረም፤ አይዛዋ ታዳሂሮ የተባለ፣ ናቶ የሚባለውን የተብላላ አኩሪ አተር በየመንደሩ እያዞረ የሚሸጥ ድኻ ወጣት ነበር። በ1946 በጉንማ ግዛት ኢዋጁኩ በተባለ ስፍራ በመንገድ ዳር ከተቈረጠው ቀይ ዐፈር ውስጥ የድንጋይ ስለት አገኘ፤ በ1949 የሜጂ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ቢቈፍሩ እውነቱን መሰከሩለት። ከዚያ ወዲህ በደሴቶቹ ላይ ሰው ከ35,000 ዓመት በፊት መኖሩ ተረጋግጧል። ከእነዚህም ሰዎች መካከል ባልጩት ፍለጋ ከዋናው ደሴት ተነሥተው በክፍት ባሕር ወደ ኮዙሺማ ደሴት የተሻገሩ ነበሩ፤ የዚያች ደሴት ባልጩት በሆንሹ ላይ ከጥንታውያኑ መሣሪያዎች መካከል ተገኝቷልና፤ በዚያ ዘመን የባሕሩ ወለል ዝቅ ያለ ቢሆንም እንኳ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር አልተገናኘችም ነበርና፣ ያለ ታንኳና ያለ ድፍረት የሚደረስባት አልነበረችም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ማለፍ አልችልም። የጥንትነት ናፍቆት በበረታበት ጊዜ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኙ እየተባለ በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ሲጻፍ ቈየ፤ በኅዳር 2000 ግን ማይኒቺ የተባለው ጋዜጣ፣ ቈፋሪው ራሱ ማለዳ ተደብቆ መሣሪያዎቹን ሲቀብር የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ። ሁሉም ከመጻሕፍት ተፋቀ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ የአንድ ሕዝብ ክብር በዓመት ብዛት ይለካል ብሎ ማሰብ ምሁርን እንኳ እንደሚያሳውር ነው፤ እውነተኛው ማስረጃ ሳይጨመርበት በቂ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በአኦሞሪ ከተማ ዳርቻ ሳናይ ማሩያማ የተባለ ቦታ አለ። የግዛቱ መስተዳድር በዚያ ስፍራ የቤዝቦል መጫወቻ ሜዳ ለማሠራት ስለ ፈለገ፣ በሕጉ መሠረት አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ቍፋሮ በ1992 ተጀመረ። ትንሽ ነገር ይወጣል ተብሎ የተጠበቀው ቍፋሮ፣ ከ5,900 እስከ 4,200 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ1,500 ዓመት በላይ ሰው የኖረበትን ሰፈር ገለጠ። በ1994 ደግሞ ስድስት ታላላቅ ጉድጓዶች በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ተገኙ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ያህል ስፋትና ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው፤ በግርጌውም ውፍረቱ አንድ ሜትር የሚሆን የዛፍ ግንድ ጕቶ ሳይበሰብስ ቆሞ ነበር። ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ያለው ርቀት በሁሉም አቅጣጫ 4.2 ሜትር ነው። የግንዶቹ እግር እንዳይበሰብስ በእሳት ተለብልቧል። ምን ሕንፃ እንደ ነበረ፣ ጣራ ይኑረው አይኑረው ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ነገር ግን ብረት የሌለው ሕዝብ ያን የሚያህል ግንድ በድንጋይ መጥረቢያ ቈርጦ፣ በገመድ ጎትቶ፣ በልክ አቁሟል፤ ይህም አንድ ቤተ ሰብ ሊሠራው የማይችል የማኅበር ሥራ ነው። በኋላ ሕንፃውን አስመስለው ሊተክሉት የፈለጉ ጃፓኖች እንዲህ ያለ ግንድ በአገራቸው ስላጡ ከሩሲያ ለማስመጣት ተገደዱ። ስታዲየሙ ተጀምሮ ነበር፤ የግዛቱ ገዥ ግን በዚያው ዓመት ሥራው እንዲቆም አዘዘ፤ ይህ ውሳኔ የሚመሰገን ነው፤ በብዙ አገር የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነውና። ስፍራው በ2021 ከሌሎች ዐሥራ ስድስት የሰሜን ጃፓን ስፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ያ ሰፈር በምን ኖረ? ግንዶቹ መልሱን ይዘዋል። ዛፉ ጃፓኖች ኩሪ የሚሉት ነው፤ እሾሃም ቅርፊት ያለው፣ ሲቀቀል ወይም ሲጠበስ የሚጣፍጥ ፍሬ ይሰጣል። በስፍራው የቀረውን የአበባ ብናኝ የመረመሩት ሊቃውንት፣ ሰው ሳይሰፍር በፊት ቦታው የባሉጥ ዓይነት ዛፎች ደን እንደ ነበረ፣ ሰው ከሰፈረ በኋላ ግን ኩሪ ሌሎቹን ዛፎች ተክቶ አካባቢውን እንደ ሞላው አይተዋል፤ ከስፍራው የወጡት የኩሪ ፍሬዎች ዘረመል ደግሞ ከዱር ዛፎች ይልቅ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች መልካም ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እየመረጡ አቆይተዋል፤ ሌላውን እየመነጠሩ ለእርሱ ብርሃን ሰጥተውታል፤ ምናልባትም ተክለውታል። ይህ እርሻ ነውን? አንዳንድ ጸሐፊዎች ጆሞኖችን ለማክበር ሲሉ ገበሬዎች ነበሩ ብለው ይደመድማሉ፤ እኔ ግን ይህን ማክበር አልለውም፤ ክብር ለገበሬ ብቻ የተሰጠ ይመስል ስም መለወጥ አያስፈልግም። እነርሱ ደኑን ያውቁ ነበር፤ ደኑንም ይንከባከቡ ነበር፤ ሞፈርና ቀንበር ሳያሻቸው ምድሪቱን ለውጠዋል።

ሌላው ፍሬ ከዚህ ይልቅ ዕውቀት ይጠይቃል። ጃፓኖች ቶቺ የሚሉት ትልቅ ፍሬ እንዳለ ቢበላ መራራና የሚጎዳ ነው፤ ብዙ ቀን በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በዐመድ ተቀቅሎ፣ እንደ ገና ታጥቦ ነው ምግብ የሚሆነው። ከጆሞን መጨረሻ ዘመን ለዚህ ሥራ የተበጁ፣ ውኃ የሚያልፍባቸው የእንጨት ገንዳዎች በወንዝ ዳር ተገኝተዋል። መጀመሪያ ይህን ፍሬ ለምግብ ያበቃችው እናት ስንት ጊዜ ሞክራ፣ ስንት ጊዜ ታማ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ዕውቀቷ ግን ከልጅ ልጅ ተላልፎ በተራራማው የጃፓን ክፍል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቶቺ በዚሁ ዓይነት ይሰናዳ ነበር።

ከሳናይ ማሩያማ ከወጡት ዕቃዎች ሁሉ አንዲት ትንሽ ነገር ከልቤ አትጠፋም። ከዛፍ ልጥ የተጠለፈች፣ በአንድ እጅ የምትያዝ ከረጢት ናት፤ ከረግረጉ ጭቃ ሳትበሰብስ ወጣች፤ በውስጧም የግማሽ ዋልነት ቅርፊት ነበረባት። ሽመናው የተስተካከለ፣ ጥብቅ ጥብቅ ያለ ነው፤ ልጡ በአንድ ስፋት ተሰንጥቆ አንዱ ላይ አንዱ ታች እየሆነ ተሠርቷል። ከዚህች ከረጢት ጎን ለጎን ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ ሁሉ ተገኝቷል፤ ከደቡብ፣ በኒጋታ ግዛት ካለው ከኢቶይጋዋ የመጣ አረንጓዴ ጄድ፣ ከባሕር ማዶ ከሆካይዶ የመጣ ባልጩት፣ የቀስት ጫፍን ከዘንጉ ጋር ለማጣበቅ የሚያገለግል ከአኪታ የመጣ ሬንጅ አለ። ጄድ እጅግ ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ያለ ብረት መብሳት ማለት በአሸዋና በውኃ፣ መብሻውን ዱላ በመዳፍ መካከል እያሹ፣ ቀናትን መፍጀት ማለት ነው፤ ያን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው ለዕለት ሆዱ ብቻ የሚሮጥ ሰው ሊሆን አይችልም።

ስለ ጥበባቸው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ሁለት ነገር ብቻ አነሣለሁ። በረዶ በሚበዛበት በኒጋታ ግዛት፣ በሺናኖ ወንዝ ተፋሰስ፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ፣ አፋቸው ወደ ላይ እንደሚነድ ነበልባል የሚወዛወዝ ማሰሮዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በናጋኦካ አጠገብ በኡማታካ በ1936 ተገኘ። ሠዓሊው ኦካሞቶ ታሮ በፓሪስ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1951 በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም የጆሞንን ሸክላ ሲያይ እጅግ ተደነቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት በጻፈው ሐተታም የጃፓን ውበት በጸጥታና በልከኝነት ብቻ የሚታወቅ አለመሆኑን ተከራከረ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የጥንት ፍርስራሽ ተብሎ በአርኬዎሎጂ ክፍል ይቀመጥ የነበረው ዕቃ ከዚያ ወዲያ በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አገኘ። እኔን የሚያስደንቀኝ ደግሞ የእነዚህ ማሰሮዎች ውስጥ የምግብ ጥቀርሻ ይዞ መገኘቱ ነው። ለጌጥ ብቻ አልተሠሩም፤ ምግብ በስሎባቸዋል።

ሁለተኛው ዶጉ የሚባለው ከሸክላ የተሠራ የሰው ምስል ነው። አብዛኛው የሴት መልክ አለው፤ አብዛኛውም ተሰብሮ የተገኘ ነው፤ በሳናይ ማሩያማ ብቻ ከ2,000 በላይ ወጥቷል። በናጋኖ ግዛት፣ በቺኖ ከተማ፣ ታናባታኬ በተባለው ሰፈር በ1986 የተገኘችው ግን ሳትሰበር በጉድጓድ ውስጥ ተጋድማ ነበር፤ ቁመቷ 27 ሳንቲ ሜትር፣ ሆዷ የነፍሰ ጡር፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ ላይዋ በሚካ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ናት፤ በ1995 ከጆሞን ዘመን ዕቃዎች መጀመሪያ ብሔራዊ ሀብት ተባለች። ስለ ወሊድ የሚቀርብ ጸሎት ምልክት ናት የሚሉ አሉ፤ በሽታን ወደ ምስሉ አስተላልፎ ምስሉን መስበር ልማድ ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱም ግምት ነው፤ ነገር ግን እናትነት በዚያ ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ስፍራ እንደ ነበረው ለመናገር ግምት አያስፈልግም።

ሙታናቸውን እንመልከት። በሳናይ ማሩያማ ጐልማሶቹ ወደ መንደሩ በሚያስገባው ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ተቀብረዋል፤ እንግዳ ሁሉ ወደ ሰፈሩ የሚገባው በአበው መቃብር መካከል እያለፈ ነበር። ሕፃናቱ ግን በማሰሮ ውስጥ ሆነው በመኖሪያ ቤቶቹ አጠገብ ተቀበሩ፤ የእነዚህ ማሰሮዎች ቍጥር ከ800 ያልፋል። ብዙዎቹ ተበስተዋል ወይም ጠርዛቸው ተሸርፏል፤ በውስጣቸውም ድቡልቡል ድንጋይ የተቀመጠባቸው አሉ። ቍጥሩ የሕፃናት ሞት የቱን ያህል የበዛ እንደ ነበር ይናገራል፤ አቀባበሩ ደግሞ ሞቱ ስለ በዛ ኀዘኑ እንዳልቀነሰ ይናገራል። በሆካይዶ ደሴት በኢሪዬ የዛጎል ክምር ከተገኙት ዐፅሞች አንዱ፣ የእጅና የእግር አጥንቱ በልጅነቱ በያዘው ሕመም ምክንያት ቀጥኖ የቀረ፣ መራመድ የማይችል ሰው ዐፅም ነው፤ ይህ ሰው ግን በሕፃንነቱ አልሞተም፤ አድጎ እስኪጐለምስ ድረስ ኖሯል። ማደን አይችልም፤ ዓሣ ማጥመድ አይችልም፤ ሌሎች እያጐረሱት፣ እያጠቡት፣ እየተሸከሙት ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። በጦር ስለ መሞት ደግሞ፣ የጃፓን ሊቃውንት ከ2,500 በላይ የሚሆኑ የጆሞን ዐፅሞችን መዝገብ መርምረው በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በሰው እጅ የሞተው ከ2 በመቶ ያነሰ መሆኑን አስታውቀዋል፤ አዳኝ ሕዝብ ሁሉ ጦረኛ ነው ለሚሉት ይህ ቍጥር ትልቅ ተቃውሞ ነው።

ኑሯቸው ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። ከ7,300 ዓመት በፊት ከኪዩሹ ደሴት ደቡብ በባሕር ውስጥ ያለው የኪካይ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የደቡቡን መንደሮች በዐመድ ሸፍኗል። በመካከለኛው የጆሞን ዘመን 260,000 ገደማ የደረሰው ሕዝብ፣ ኮያማ ሹዞ የተባለ ሊቅ እንደ ገመተው፣ በመጨረሻው ዘመን ወደ 76,000 ወርዷል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ሳናይ ማሩያማም ባዶ ቀርቷል። በአንድ ዛፍ ላይ የተደገፈ መንደር ዛፉ ሲያፈገፍግ መበተኑ አይቀርም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ሺህ ዓመት መግቢያ ሩዝን በውኃ መስክ የሚያለማ ኑሮ ከኮርያ ልሳነ ምድር ወደ ሰሜን ኪዩሹ ተሻገረ፤ እንደ ናባታኬና ኢታዙኬ ባሉት ስፍራዎች የመጀመሪያዎቹ መስኮች ተገኝተዋል። ይህ ዘመን ያዮይ ይባላል። ለውጡ በአንድ ቀን የሆነ አልነበረም፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ለመድረስ ሩዝ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። በአኦሞሪ ታሬያናጊ በተባለ ስፍራ ከ650 የሚበልጡ ትናንሽ የሩዝ መስኮች ተቈፍረዋል፤ በጭቃው ላይ የገበሬዎቹ ኮቴ ሳይቀር ታትሟል፤ ነገር ግን ጎርፍ መጥቶ ከሸፈናቸው በኋላ በዚያ አገር እርሻው ተቋርጦ ሰዎቹ ለብዙ ዘመን ወደ አደንና ወደ ለቀማ ተመልሰዋል። እርሻን አንዴ የቀመሰ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም የሚለውን ትምህርት ይህ ስፍራ ብቻውን ያፈርሰዋል። ሆካይዶ ደግሞ በዚያ ዘመን ሩዙን ከቶ አልተቀበለም፤ ሳልሞኑና የባሕር አውሬው ይበቃው ነበርና። በሆካይዶ ሰሜን፣ በሬቡን ደሴት በፉናዶማሪ ከተቀበረች፣ ከ3,800 ዓመት በፊት ከኖረች ሴት ጥርስ የወጣው ዘረመል፣ ሰውነቷ ስብ ለበዛበት ምግብ የተስማማ እንደ ነበረ አመልክቷል፤ ዛሬ በዋልታ አገር በባሕር አውሬ ሥጋ በሚኖሩ ሕዝቦች የሚገኘው ምልክት በእርስዋም ተገኝቷልና።

የጆሞን ደም አልጠፋም። በዛሬዎቹ የዋናው ደሴት ጃፓኖች ውስጥ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ይገኛል፤ በደቡብ በሪዩኪዩ ደሴቶች ሰዎች ከዚህ ይበልጣል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ግን በሆካይዶ በአይኑ ሕዝብ ዘንድ ነው። ስለዚህ የጆሞንን ማሰሮ በመስታወት ውስጥ አስቀምጠው የሚያደንቁ ሰዎች፣ ለዚያ ሕዝብ ቅርብ የሥጋ ዘመድ ለሆነው ለአይኑ ያደረጉትን መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1899 የወጣው ሕግ አይኑን ገበሬ አድርጎ ከአደኑና ከወንዙ ሊለየው የታሰበ ነበር፤ የተሻረው በ1997 ነው፤ የአገሩ ጥንተ ነዋሪ ሕዝብ መሆኑም በሕግ የተጻፈው በ2019 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ተመራማሪዎች ለሳይንስ እያሉ የአይኑን መቃብር ከፍተው ከ1,600 በላይ ዐፅሞችን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አግዘዋል። የሟቾቹ ዘመዶች ወደ ፍርድ ቤት ሄደው ከተከራከሩ በኋላ፣ በ2016 የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ በስምምነት የዐሥራ ሁለት ሰዎችን ዐፅም መለሰላቸው፤ ዐፅሞቹም በሆካይዶ፣ በኡራካዋ፣ በአይኑ ሥርዐት መሠረት ተቀበሩ። የቀሩትም ዐፅሞች ወደየመንደራቸው ይመለሱ ዘንድ አይኑዎች ዛሬም ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ጥያቄ ነው።